ተሳቢው እንዲጎተት ብቻ ሳይሆን እንዲቆምም ይታሰብበት

ክረምቱ ሳይገባ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከወረዳ መጋዘን ወደየማኅበሩ የሚጓጓዝበት ወቅት የሥራ ጥድፊያ የሚበዛበት ነው። የጭነት መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ ከፒክ አፕ ኋላ ተሳቢ መቀጠል ምልልስንና ነዳጅን ይቆጥባል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ይጎትተዋል ወይ?» ተብሎ ነው። ቀዳሚው ጥያቄ ግን «ቁልቁለት ላይ ይይዘዋል ወይ?» መሆን ይገባው ነበር።

የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በብዙዎቹ ፒክ አፖች የተፈቀደው ክብደት ከ750 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ይኸውም የተሳቢውን የራሱን ክብደት ጨምሮ ነው። ተሳቢው ባዶውን 250 ኪሎ ቢመዝን ለጭነት የሚተርፈው 5 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 10 ከረጢት ማዳበሪያ ብቻ ይሆናል። ከዚህ በላይ ለመጫን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ትክክለኛው ልክ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ስለሚገኝ፣ የማኅበሩ መሪዎች ቁጥሩን አስነብበው በመጋዘኑ በር ላይ ቢያስጽፉት ከጫኚ ጋር ከመከራከር ይድናሉ።

አጫጫኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከባዱ ጭነት ከአክስሉ ጥቂት ወደ ፊት ሆኖ፣ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 ያህሉ በመንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በዚህን ጊዜ ሾፌሩ ፍሬን በኃይል ቢረግጥ ወይም መሪውን ቢጠመዝዝ ነገሩ ይብሳል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ ይኖርበታል። መንጠቆው ቢከፈት እንኳ ተሳቢው ተነጥሎ እንዳይሄድ ሁለት ሰንሰለት ከሥሩ በመስቀለኛ ይታሠራል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የጋለ ፍሬን ሽታ እንግዳ አይሆንበትም። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ስለሆነም ማርሽ የሚቀነሰው ከአፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በፍሪ መውረድ በራስም በጭነትም ላይ መፍረድ ነው።

በተሳቢ ላይ ሰው ማሳፈርም መቅረት አለበት፤ ገበያተኛው ቢለምን እንኳ። ዳገት ላይ ለጎማ ማስደገፊያ የተደረገ ድንጋይ ደግሞ መኪናው ሲንቀሳቀስ ከመንገዱ ላይ ይነሣ፤ ማታ የሚመጣው ሾፌር አያየውም።