ከታች ወደ ላይ

«ሞባይል» ሲባል ዛሬ የሁሉም ሐሳብ ወደ ስልክ ይሄዳል። በሥነ ጥበብ ግን ቃሉ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ሠዓሊው ማርሴል ዱሻም የአሜሪካዊውን ቀራፂ የአሌክሳንደር ካልደርን ተንቀሳቃሽ ሥራዎች በዚህ ስም ጠራቸው። ካልደር መጀመሪያ የተመረቀው በሜካኒካል ምሕንድስና ነበር፤ ሽቦና ቆርቆሮ አንጠልጥሎ በትንሽ ነፋስ ለማንቀሳቀስ ሙያው ረድቶታል። ከሕፃን አልጋ በላይ የሚሰቀለው መጫወቻ የእነዚያ ሥራዎች ዘመድ ነው።

እሱን በቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሁለት ሦስት ቀጫጭን እንጨት፣ ጠንካራ ክር፣ ከካርቶን ወይም ከጨርቅ የተቆረጡ ቅርፆች።

ጀማሪ የሚሳሳተው ማሰሪያው ላይ ነው። ክሩን ልክ እንጨቱ መሐል ያስራል፤ እንጨቱ ሲያዘነብል በቀለለው ጎን ዶቃ ይጨምራል፤ ወዲያ ሲያጋድል ደግሞ ወዲህ ይደግማል። ሕፃን ራስ ላይ የሚንጠለጠል ነገር እንዲህ ሊከብድ አይገባም። መንሸራተት ያለበት ማሰሪያው ነው። 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ እንጨት በአንዱ ጫፍ 10 ግራም ኮከብ፣ በሌላው 20 ግራም ወፍ ቢሰቀል፣ ማሰሪያው ከወፏ 10፣ ከኮከቡ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ በሁለቱም ወገን 200 ይመጣል። እንጨቱም የራሱ ክብደት ስላለው ትክክለኛዋን ነጥብ የሚያገኛት ጣት ነው፦ እንጨቱን ጣት ላይ አሳርፎ እስኪረጋ ማንሸራተት፣ እዚያው ማሰር፣ ቋጠሮውን በጠብታ ሙጫ ማጽናት።

ሥራው የሚጀመረውም ከታችኛው እንጨት ነው። እሱ ከረጋ በኋላ ከነጭነቱ ለላይኛው እንጨት እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል። ይህ ጸሐፊ የሚያውቃት አንዲት እናት ከላይ ጀምራ ሦስት ምሽት ፈጀች፤ ታች አንዲት ቢራቢሮ በጨመረች ቁጥር ላይ ያስተካከለችው ሁሉ ይዛባባት ነበር። ከታች ስትጀምር በአንድ ምሽት ጨረሰች።

ከዚያ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ቀና ብላ አየችው። ቆማ ስታያቸው ያማሩት ቢራቢሮዎች ከሥር ቀጫጭን መስመር ብቻ ሆነው ታዩዋት። ፈትታ ክንፋቸው ወደ ታች እንዲዞር አድርጋ አሰረቻቸው።

አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ዓይኑንም የጥቁርና የነጭ ልዩነት ይስበዋል። ሞንቴሶሪ በሚባለው የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ ለአራስ መጀመሪያ የሚሰቀለው፣ በጣሊያናዊው ሠዓሊ በብሩኖ ሙናሪ ስም የሚጠራው ሞባይል፣ ጥቁርና ነጭ የሆነው ለዚህ ነው።

ልጁ እጁን መዘርጋት ሲጀምር ሞባይሉ ከፍ ይላል። በእጁና በጉልበቱ መነሳት ሲጀምር፣ ቢዘገይ አምስት ወር ሲሞላው፣ ከአልጋው ላይ ይወርዳል። «ስለወደደው ይቆይለት» የሚሉ ወላጆች ክር አንገት ላይ ሊጠመጠም እንደሚችል ይዘነጋሉ። ያቺ እናት በአምስተኛው ወር አውርዳ ከአልጋው ርቆ ካለው መስኮት በላይ ሰቅላዋለች፤ ልጇ አሁንም መስኮቱ ሲከፈት አንገቱን ያዞራል።