ለቡሄ የሚጋገር ለስላሳ ሙልሙልና የጋጋሪው ንጽሕና

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው የቡሄ በዓል ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ በዱላቸውም መሬቱን እየመቱ በየደጁ ሲጨፍሩ፣ የቤቱ ባለቤት ሙልሙል ዳቦ አውጥታ ታድላቸዋለች። አንድ ልጅ ከዐሥር ቤት ተቀብሎ ቢመለስ የዐሥር ሰዎችን እጅ ሥራ በላ ማለት ነው። ስለዚህ የሰጪዋ ቸርነት እንደማያጠራጥር ሁሉ፣ የእጅዋም ንጽሕና የማያጠራጥር ሊሆን ይገባል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ለስላሳ ሙልሙል በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጋገርና ከጋጋሪው የሚፈለገው ንጽሕና ምን እንደ ሆነ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ቡኮ ኩፍ የሚልበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። እርሾ ሕይወት ያለው፣ ነገር ግን አንድ በአንድ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። መብላላት የእንዲህ ያሉ ሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች አስረድቷል። እርሾ በቡኮው ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። በስንዴ ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ግሉተን ደግሞ በውሃ ርሶ በሚገባ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ይሆንና ያንን አየር አፍኖ ይይዘዋል። የዳቦው ልስላሴ ከዚህ ይመጣል። ዳሩ ግን ለእርሾ የተመቸው ሙቀትና እርጥበት በሽታ ለሚያመጡ ተሐዋስያንም የሚስማማ ስለ ሆነ፣ ቡኮ በቆሸሸ እጅና በቆሸሸ ዕቃ ሊነካ አይገባውም።

ለ20 ሙልሙል የሚያስፈልገው 1 ኪሎ ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨው እንቅርትን ለመከላከል የሚረዳው አዮዲን የተጨመረበት ይሁን። ስንዴውን ራሳችን የምናስፈጭ ከሆነ፣ ከመፈጨቱ በፊት ጠጠሩንና እንክርዳዱን አጥርቶ መልቀም ያስፈልጋል፤ እንክርዳድ ራስ የሚያዞርና የሚያሳምም ነውና። ያልተነፋ ዱቄት ለጤና የሚበልጥ ቢሆንም ዳቦውን ያከብደዋል፤ ስለዚህ ግማሹን የተነፋ፣ ግማሹን ያልተነፋ አድርጎ ውሃውን ትንሽ መጨመር ይቻላል።

ቡሄ በክረምት የሚውል በዓል ነው። በክረምት ጎርፍ ከየሜዳው ያለውን ዐይነ ምድር ጠርጎ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ስለሚያስገባ፣ ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ውሃ ከፈላ በኋላ ለብ እስኪል ቀዝቅዞ ይጠቀሙበት። ትኩስ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል፤ እጅን የማያቃጥል፣ ለብ ያለ ውሃ ግን ይስማማዋል።

ከማቡካት በፊት ቀለበትን አውልቆ፣ ጥፍርን ቆርጦ፣ እጅን እስከ ክንድ ድረስ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ማሸት ይገባል። ተቅማጥ የያዘው ወይም በእጁ ላይ የመገለ ቁስል ያለበት ሰው ሥራውን ለሌላ ይተው። ከቁስል ወደ ምግብ የሚገቡ አንዳንድ ተሐዋስያን የሚያመነጩት መርዝ በመጋገር ሙቀት አይጠፋምና።

ከዚህ በኋላ ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ስኳሩንና ጨውን አደባልቆ፣ ውሃውንና ዘይቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ቡኮው ለስልሶ በእጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማሸት ነው። ቡኮውም ተከድኖ ሞቅ ባለ ስፍራ እጥፍ እስኪሆን ይቆያል፤ ይህ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል፤ በቀዝቃዛ ቀን ግን ከዚህ ይበልጣል። ከዚያ በ20 ተከፍሎ ሞላላ ቅርጽ ይሰጠውና ለ30 ደቂቃ ያህል ዳግመኛ ኩፍ ይላል። ይህን ሁለተኛ ዕረፍት የሚያሳጥር ሰው ዳቦው ደረቅና ድፍን ቢሆንበት አይደነቅ። ልጆችም ጥሬውን ቡኮ እንዳይቀምሱ መከልከል ይገባል፤ ጥሬ ዱቄት በሽታ የሚያመጡ ተሐዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉና።

በኤሌክትሪክ መጋገሪያ ከሆነ በ200 ዲግሪ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። በምጣድ ከሆነ ኮባ አንጥፎ፣ በአክንባሎ ከድኖ፣ በለዘብተኛ እሳት እያገላበጡ መጋገር ነው፤ ጢሱ እንዲወጣም የማድቤቱ በርና መስኮት ይከፈት። መብሰሉ የሚታወቀው ከሥሩ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ነገር ሲሰማና ተቆርሶ ሲታይ ውስጡ የማይጣበቅ ሲሆን ነው። ወዲያው ላዩን ዘይት ቀብቶ፣ ታጥቦ በፀሐይ በደረቀ ጨርቅ ቢሸፍኑት፣ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር እናሳስባለን። እሳት በቡኮው ውስጥ የነበሩትን ተሐዋስያን አብዛኛውን ይገድላል፤ ነገር ግን ከምጣድ የወጣ ዳቦ ዳግመኛ ወደ እሳት አይመለስም። እንግዲህ ከሽንት ቤት መልስ ያልታጠበ እጅ፣ ወይም ከቆሻሻ ላይ የተነሣ ዝንብ ቢነካው፣ እሳት ያነጻው ምግብ ተመልሶ ረከሰ ማለት ነው። ተቅማጥ፣ የአንጀት ተስቦና የአንጀት ትላትል በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ለሕፃን ደግሞ ተቅማጥ ቀላል በሽታ አይደለም፤ ከሰውነቱ ውሃውን አሟጥጦ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

የተረፈውን ዳቦ በሚገባ ሳይቀዘቅዝ በላስቲክ አለመቋጠር ነው፤ እንፋሎቱ ሻጋታ ያፈራልና። ሻጋታ የታየበት ዳቦ ላዩ ተፍቆ አይበላም፤ የሻጋታው ሥር ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ውስጡ እንደ ሙጫ የሚሳብና የበሰበሰ ፍሬ ሽታ ያለው ዳቦም እንዲሁ ይጣል።

በመጨረሻም አንባብያንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በቡሄ ቀን በደጃፍዎ ላይ አንድ ጆግ ውሃና ሳሙና ያኑሩ። ልጆቹ ጭቃ የነካውን ጅራፍና ዱላ ይዘው የዋሉ ናቸውና፣ ሙልሙሉን ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን ያስታጥቧቸው፤ እርስዎም ታጥበው ይስጧቸው። ወጪው ጥቂት ነው፤ የጎረቤትዎን ልጅ ግን ከበሽታ ሊያድን ይችላል።