ቃሉ ይሰማልን?

በቤታችሁ ካሉት የዝማሬ አልበሞች ሁሉ በቀረጻ ጥራቱ አንደኛ የምትሉት የትኛውን ነው? ጥያቄው የሙዚቃ ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ከታያችሁ ሌላ ልጨምር። ልጆቻችሁ በቤት ውስጥ እየዞሩ ሲዘምሩ የመዝሙሩን ቃል በትክክል ይሉታል? ወይስ መሐል ላይ ሲደርሱ ያልተሰማቸውን በራሳቸው ቃል ሞልተው ያልፋሉ? ሁለተኛውን ካስተዋላችሁ ልጆቹን አትቆጡ። ብዙ ጊዜ ቃሉ የጠፋው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ነው።

በእኛ አካባቢ፣ በሚዛን፣ በቴፒ፣ በማሻና በቦንጋ፣ አዲስ መዝሙር የሚጠናው በአብዛኛው በጆሮ ነው። መዝሙሩ በስልክ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይደርሰናል፤ ወጣቶች ያጠኑታል፤ ብዙም ሳይቆይ ጉባኤው በሙሉ ይዘምረዋል። በቀረጻው ላይ ያልተሰማ ቃል እንግዲህ ተሳስቶ ይጠናል፤ ተሳስቶም ይኖራል። እሑድ ከሰማነው ስብከት ይልቅ እስከ ቅዳሜ አብሮን የሚሰነብተው መዝሙሩ ስለሆነ፣ የመዝሙር ቃል ሲሳሳት ትምህርቱም አብሮ ይሳሳታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7-9 ላይ ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር፣ ስለ መለከትም የሚናገረው ይህንኑ ነው። መሣሪያው የተለየ ድምፅ ካልሰጠ የሚሰማው ሰው ምን እንደ ተባለ አያውቅም። ሐዋርያው ነገሩን ስለ ልሳን ቢያነሣውም ምሳሌውን የወሰደው ከሙዚቃ ነው፤ ለሙዚቃችንም ይሠራል።

ቋንቋችን ራሱ ጥራት ይጠይቃል

“ይሰማል” የሚለውን ቃል ውሰዱ። ላልቶ ሲነገር “ጌታ ይሰማል”፣ ማለትም ያደምጣል ይሆናል። ጠብቆ ሲነገር ደግሞ “ድምፁ ይሰማል”፣ ማለትም ይደመጣል ይሆናል። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። “ገና”ም እንዲሁ ነው። ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የጌታ ልደት በዓል ነው። ይህ ማጥበቅና ማላላት ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ አይበልጥም። ከበሮው ሲበዛ፣ ኪቦርዱ ሲጮኽና ኤኮው ሲረዝም በመጀመሪያ የሚጠፋውም እርሱ ነው። “ጠ”፣ “ቀ”፣ “ጨ” የመሳሰሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆችም አብረው ይደበዝዛሉ።

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው የጎደለውን ቃል ገምቶ ይሞላል። በጉባኤያችን ግን አፋቸውን በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በሸክኛ ወይም በካፍኛ የፈቱ ብዙ ወገኖች አሉ። እነርሱ እንዲገምቱ አንጠብቅ፤ በግልጽ እናሰማቸው። በራሳቸው ቋንቋ ሲቀረጽ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ቤንችኛ የቃል ፍቺን የሚለዩ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች ያሉት፣ በቋንቋ ተመራማሪዎች ዘንድ በዚሁ የታወቀ ቋንቋ ነው። የቤንችኛ መዝሙር ሲዘጋጅ ከድምፅ ባለሙያው ጎን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ካልተቀመጠ ስሕተቱን ማን ያርማል?

ሦስቱ ደረጃዎች

የአንድ አልበም ድምፅ በሦስት እጅ ያልፋል፤ ቀረጻ፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ። የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን በቡና ላስረዳ።

ቀረጻ ለቀማ ነው። ቀይ እሸቱ ከአረንጓዴው ጋር ተደባልቆ ከተለቀመ በኋላ የሚቆላው ሰው ምንም ቢጠበብ ጣዕሙ አይመለስም። ማይክሮፎኑ ከዘማሪው አፍ ሲርቅ የክፍሉን ጩኸት ይለቅማል፤ ሲቀርብ ትንፋሹን ያጎላል። ድምፁ ከልክ በላይ ገብቶ ከተሰነጠቀ ደግሞ ስንጥቁ በኋላ በደንብ አይጠገንም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀርጹ ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቁ፤ የእኛ ሰማይ ብዙ ጊዜ ስለማያስጠብቅ ማልደው ይጀምሩ።

ሚክሲንግ ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን መስጠት ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ከሚደመጡበት ክልል ዋነኛው ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ያለው ነው። ኪቦርዱና ጊታሩም እዚያው ይሰፍራሉ። ጥሩ ባለሙያ ዘማሪውን ከማስጮኽ ይልቅ መሣሪያዎቹን ከዚያ ቦታ ጥቂት ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ቃሉ ሳይጮኽ ይወጣል።

ማስተሪንግ የመጨረሻው እጅ ነው። መዝሙሮቹ በድምፅ መጠን እርስ በርሳቸው እንዲመጣጠኑና በማንኛውም ስፒከር ደኅና እንዲሰሙ ያደርጋል። ችግሩ “ከሌሎቹ ይጩህልን” የሚለው ጥያቄ እዚህ መምጣቱ ነው። ለማስጮኽ ሲባል ከፍታና ዝቅታው ይጨፈለቃል፤ ሹክሹክታውና እልልታው እኩል ይሆናሉ። ዛሬ ይህ ጥቅም የለውም። ዩቲዩብ ከመጠን በላይ የጮኸውን በራሱ ዝቅ ያደርገዋልና፣ የሚቀረው ጭፍለቃው ብቻ ነው።

ጆሮ የሚያሠለጥኑ አልበሞች

እንደ እኔ ምርጫ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ብታዳምጡ ይህ ሁሉ በተግባር ይገባችኋል።

የመጀመሪያው አሬታ ፍራንክሊን “አሜዚንግ ግሬስ” በሚል ርእስ ያወጣችው አልበም ነው። የባፕቲስት መጋቢ ልጅ የሆነችው ይህች ዘማሪ አልበሙን የቀረጸችው እ.ኤ.አ. ጥር 13 እና 14 ቀን 1972 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በጉባኤ ፊት ነበር። ጄምስ ክሊቭላንድና የደቡብ ካሊፎርኒያ ኮሙኒቲ ኳየር አብረዋት ነበሩ። ስታዳምጡት እርሷ ከፊታችሁ፣ መዘምራኑ ከኋላዋ፣ ምእመናኑ ደግሞ በዙሪያችሁ እንዳሉ ይሰማችኋል። ጭብጨባውና “አሜን” ባዩ አልተቆረጡም፤ ቃሉንም አልሸፈኑም። በእነዚያው ምሽቶች የተነሣው ፊልም ግን ምስሉና ድምፁ የሚገጣጠሙበት ምልክት ስላልተደረገለት ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጦ ለሕዝብ የቀረበው በ2018 ነው። ትልቅ ሥራ በትንሽ ቸልተኝነት እንዴት እንደሚታሰር ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮን ኬኖሊ “ሊፍት ሂም አፕ” ነው። በቪዲዮ ካሴት ያየነው ብዙዎች ነን። ትልቅ ባንድ፣ ብዙ መዘምራንና ጉባኤ በአንድነት አሉበት፤ ሆኖም የአብርሃም ላቦሪየል ቤዝ ጊታር ከድራሙ ጋር አይጋጭም፤ ዘማሪውም አይሰጥምም። መሣሪያ መብዛቱ ብቻውን ቃልን እንደማይውጥ ማስረጃው ይህ ነው።

ሦስተኛው ቃል የሌለበት ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በ2006 እ.ኤ.አ. በ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ 21ኛ አልበም ሆነው ወጥተዋል። እማሆይ የኦርቶዶክስ መነኩሲት ነበሩ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐርፈዋል። ቀረጻዎቹ የቆዩ ስለሆኑ እንደ ዛሬው የጠሩ አይደሉም። ነገር ግን አንዱ ድምፅ እስኪያልቅ ተጠብቆ ሌላው ሲጀምር ትሰማላችሁ። ዝምታ የሙዚቃ ክፍል መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

አራተኛው ምርጫዬ ሊያስገርማችሁ ይችላል፤ የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ የጥንት ካሴቶች ናቸው። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው ይህ ዘማሪ መዝሙሮቹ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚባዙት። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሹሹታው ይጨምራል፤ በእኛ እርጥበት ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል። ሆኖም ድምፁና ቃሉ ከፊት ስለሆኑ ከብዙ ግልበጣ በኋላ እንኳ መልእክቱ ይደርሳል። የቴክኒክ ጥራትና የቃል ጥራት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ እዚህ ይታያል። ሁለቱን ማግኘት ሲቻል ሁለቱን፣ አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ቃሉን ምረጡ።

ስቱዲዮ ለምትገቡ መዘምራን

የማውቃቸው አንድ መዘምራን የሁለት ዓመት የቡና ገንዘባቸውን አዋጥተው አልበም አስቀረጹ። አልበሙ ተመርቆ በቤተ ክርስቲያን ሲከፈት አንዲት እናት፣ “ልጆቼ፣ ዜማው ደስ ይላል፤ ግን ምን አላችሁ?” ብለው ጠየቁ። መዘምራኑ ተመልሰው እንዲስተካከል ሲጠይቁ የየድምፁ ለብቻ ፋይል አልተቀመጠም ነበር። ከመጀመሪያው ከመቅረጽ በቀር መንገድ አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን አልቋል።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. የእያንዳንዱን ድምፅና መሣሪያ ፋይል ለየብቻ በፍላሽ እንደምትወስዱ ቀድማችሁ ተስማሙ።

2. ሚክሲንጉን በስቱዲዮው ትልቅ ስፒከር ብቻ አትቀበሉ። በስልክ፣ በአንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከርና በመኪና ስሙት። መዝሙራችሁ በቴፒ ገበያ የሚከፈተው በእነዚህ ነው።

3. መዝሙሩን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ግጥሙን ሳታሳዩ አሰሙት፤ የሰማውን ይጻፍ። የሳተው ቃል ካለ ሥራው አላለቀም።

4. ዋናውን ያልተጨመቀ ፋይል አስቀምጡ። አምስት ደቂቃ መዝሙር በሲዲ ጥራት ከ50 ሜጋ ባይት በላይ ይወስዳል፤ በተለመደው ኤምፒስሪ ወደ 5 ይወርዳል። ፋይል ቢገለበጥ እንደ ካሴት አይደክምም፤ ደግሞ ደጋግሞ ሲጨመቅ ግን ይደክማል።

ባልና ሚስት በቤት

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ አንድ መዝሙር ብቻ አብራችሁ ስሙ። በመጀመሪያው ዙር ቃሉን፣ በሁለተኛው አንድ መሣሪያ ብቻ ተከተሉ። ከዚያ የሰማችሁትን ተነጋገሩ። አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማውም ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንደገና ክፈቱት እንጂ አትከራከሩ። ሌላውን ሳያቋርጡ የማዳመጥ ልማድ በመዝሙር ተጀምሮ ወደ ንግግራችሁም ሊገባ ይችላል።

በ1ኛ ዜና 15፥22 ላይ ከናንያ በዜማ ላይ የተሾመው ብልሃት ስለ ነበረው መሆኑን እናነባለን። መንፈሳዊነት ችሎታን አልተካውም። ስለዚህ ለመዘምራኖቻችን ስንጸልይ ለድምፅ ባለሙያዎቻችንም እንጸልይ፤ ለሥልጠናቸውም እናዋጣ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ አልበም ስትገዙ ደግሞ ሻጩን “ይጮኻል?” ብላችሁ አትጠይቁት፤ “ቃሉ ይሰማል?” በሉት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።