ሌሊት የደረሰው ወንዝ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከአገሩ የወጣው የነጭ ዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዐረብኛ ለመልመድና ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ገባሮች ለማየት አንድ ዓመት መደበ። ኋላ ያገባት ፍሎረንስም አብራው ነበረች። ለእኔ ከዋናው ጉዞ ይልቅ የሚበልጠው ይህ የልምምድ ዓመት ነው።

ከገባሮቹ አንዱ የሆነውን አትባራን በበጋ መጨረሻ ወንዝ ማለት ይከብዳል። ያለው አሸዋ ነው፤ አልፎ አልፎ ኩሬ ይታያል። ጉማሬው፣ አዞው፣ ኤሊውና ዓሣው በቀረችው ውሃ ታጭቀው ክረምትን ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1861፣ በእኛ ሰኔ አጋማሽ፣ ቤከር በረሃው ላይ ሰፍሮ ሳለ ሌሊት ከሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ሰማዩ ጠርቷል። ሰዎቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ጮኹ፤ አሸዋው ላይ የተኙትም እየተንደረደሩ ወጡ። ሲነጋ ወርዱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር ገደማ የሆነ ወንዝ ፊቱ ይፈስሳል። ዝናቡ የዘነበው እዚያ ሳይሆን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነበር።

የጎንደርና የወልቃይት ገበሬ ቢጠየቅ ሳይደነቅ ይነግረው ነበር። ቤከር ግን ውሃው የሚያደርገውን በዓይኑ ሊያይ ሽቅብ ወጣ። ክረምቱን አትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ጎጆ ገዝቶ ተቀመጠ። ከማዶ ቀጭኔዎች ሲግጡ በመነጽር ያያል። ዝናቡ ግን ለም የሆነውን ጥቁር አፈር ከዳር ዳር እየናደ ወንዙ ውስጥ ይከታል፤ ውሃው እንደ አጥሚት ወፍሮ ይወርዳል። የግብጽ ደለል ከየት እንደሚመጣ ነገሩ የተገለጠለት እዚህ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ሐምዳይት ወዳለችበት ወደ ሰቲት፣ ማለትም ወደ ተከዜ ሸለቆ ተሻገረ። ብዙዎቻችን ሐምዳይትን የምናውቃት በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ስደተኞች ወንዙን በጀልባ የተሻገሩባት ሆና ነው። በቤከር ጊዜ ግን አገሩ የሐምራን ዐረቦች ነበር። ሐምራኖች ዝሆን የሚያድኑት በሰይፍ ነበር፤ አንዱ በፈረሱ ፊት ለፊት እየሸሸ ዝሆኑን ሲያስከትል ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና የዝሆኑን የእግር ጅማት ይቆርጥ ነበር። ቤከር ጀግንነታቸውን እያደነቀ እሱም በጠመንጃው ያለ ርኅራኄ ገደለ። ዛሬ በሱዳን የገዳሪፍ ሜዳ የሚታየው ማሽላና ሰሊጥ ነው። ዝሆን ለማየት ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1862 ሮያንን፣ አንገረብን፣ ራሃድንና ዲንደርን አይቶ ካርቱም ሲገባ የዓባይ ጎርፍ ምስጢር መልስ በእጁ ነበር፤ ዓባይን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆዩት የመካከለኛው አፍሪካ ሐይቆች ናቸው፤ ጎርፉንና ደለሉን የሚሰጡት ግን የኢትዮጵያ ወንዞች ናቸው። ይህን ጉዞ የተረከበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ታተመ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሱዳን በዚሁ አትባራ ላይ የኻሽም ኤል ጊርባን ግድብ ሠራች። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጠናቀቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር። ግማሽ ያህሉን ቦታ አሁን የያዘው ከደጋው የወረደው አፈር ነው።