ቱቱ ወገብ ላይ አይሰፋም

የባሌት ዳንሰኞችን ቱቱ ከላይ ብቻ ያየ ሰው ልብሱን አላየውም። ገልብጡት። ጉርዱ የተያያዘው እኛ ልብስ ሰፊዎች እንደለመድነው ወገብ ላይ ሳይሆን ሙታንታ ላይ ነው። የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚሠራበት ቱል፣ ጠንከር ያለው ዓይነት፣ በረጅሙ እየተቆረጠና እየተሸነሸነ ከጭን ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይደረደራል። የታችኛው አጭሩ፣ የላይኛው ረጅሙ ነው፤ አሥር አሥራ ሁለት ድርብ ይሆናል። መሀል ካሉት በአንዱ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ዙሪያውን ይገባል። ከዚያ ድርቦቹ እንዳይበታተኑ በእጅ፣ እዚህም እዚያም፣ ላላ ባለ ክር ይያያዛሉ። ክሩ ከጠበቀ ጉርዱ ይኮማተራል፤ በጣም ከላላ ይንዘረፈፋል። ልብሱ ተዘርግቶ የሚቆመው በዚህ ሁሉ ነው እንጂ በሽቦው ብቻ አይደለም።

እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ቬሎና የልጆች ቀሚስ እሰፋለሁ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ያረጀ ቱቱ ለጥገና ይመጣልኛል። ዚፕ የለውም። መድረክ ላይ ዚፕ ቢበጠስ ማን ይደርሳል? የሚቆለፈው በመንጠቆ ነው፤ መንጠቆው የሚገባበት ቀለበት በሁለት በሦስት ረድፍ ስለሚሠራ አንዱን ልብስ የወፈረችም የቀጠነችም ትለብሰዋለች። ከውስጥ በኩል የለባሾቹ ስም የተጻፈባቸው ቁራጭ ጨርቆች ተሰፍተው ታገኛላችሁ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ላብ ላብ ካለ ቮድካ ይረጩበታል። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። አሁን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አንድ ጠርሙስ አለኝ፤ እንግዶች ሲያዩት የሚያስቡትን ያስቡ።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎች የሚነሡት ከማርች 12 ቀን 1832 ነው። በዚያ ምሽት ፓሪስ ኦፔራ ውስጥ «ላ ሲልፊድ» የተሰኘው ባሌት ታየ፤ ማሪ ታሊዮኒም ከጉልበቷ ወረድ የሚል ስስ ነጭ ጉርድ ለብሳ በእግር ጣቷ ጫፍ ቆመች። ዳንሱን ያዘጋጀው አባቷ ፊሊፖ ነበር። ቱቱ ያን ቀን ፋሽንን ለወጠ ሲባል እሰማለሁ። በልብስ ሰፊ ዓይን ሳየው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ወገቡ ጥብቅ፣ ከታች ሰፋ ያለ ቀሚስ ያኔም የፓሪስ ሴቶች ልብስ ነበር። መድረኩ ከመንገዱ ወሰደና አሳጠረው፣ አሳሳውም።

ስስ መሆኑ ሰው ፈጅቷል። መድረክ የሚበራው በጋዝ፣ ጉርዱም ስስ ጥጥ ነበር። የታሊዮኒ ተማሪ የነበረችው ኤማ ሊቭሪ ኖቬምበር 15 ቀን 1862 ልምምድ ላይ ሳለች ጉርዷ የጋዝ መብራት ነክቶ በእሳት ተያያዘ። ስምንት ወር ተሠቃይታ በሃያ ዓመቷ አረፈች። ጨርቁን እሳት እንዳይዘው ኬሚካል ውስጥ የመንከር ዘዴ በዘመኑ ነበር፤ እሷ ግን ያደርቀዋል፣ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል ብላ አልፈለገችውም። ከእሳቱ የተረፈው የልብሷ ቁራጭ እስከ ዛሬ በኦፔራው ሙዚየም ተቀምጧል። ባልደረቦቼ ሞኝ ነበረች ይላሉ። እኔ አልፈርድባትም፤ ደረቅ ጨርቅ አብሮ አይንቀሳቀስም፣ የእሷ እንጀራ ደግሞ መንቀሳቀስ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉርዱ እያጠረ ሄደ። ጣሊያናውያን ዳንሰኞች አስቸጋሪ መሽከርከር አመጡ፤ እግር ካልታየ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። በ1895 ፒየሪና ሌኛኒ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ «ስዋን ሌክ»ን ስትጫወት በአንድ እግሯ 32 ጊዜ ተሽከረከረች። በዚያው ዘመን ከቴአትር ቤቱ ውጪ ያለች ሴት ቁርጭምጭሚቷ እንዳይታይ ትጠነቀቅ ነበር።

የዚያን ዘመን ጉርድ በቅርብ ማየት የሚፈልግ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ይሂድ። ሠዓሊው ኤድጋር ደጋ በ1881 ለሕዝብ ያሳያት የአሥራ አራት ዓመቷ ዳንሰኛ እዚያ ቆማለች። ከሰም የተሠራች ናት፣ አንድ ሜትር ገደማ። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አገጯን ቀና አድርጋለች። ሰውነቷ ሰም፣ ጉርዷ ግን እውነተኛ ጨርቅ ነው። ደጋ ከሞተ በኋላ በነሐስ የተባዙት እህቶቿ በየአገሩ ሙዚየም ተበትነዋል። ነሐሱ አያረጅም፣ ጨርቁ ያረጃል፤ ስለዚህ ሙዚየሞቹ አዲስ ጉርድ ያሰፉላቸዋል፤ የአንዷ ረዘም፣ የሌላዋ አጠር ይላል። እንዲህ ያለ ሥራ ቢመጣልኝ ሒሳብ አልጠይቅም ነበር።

ከሁሉ የማደንቃት ሰፊ ካርኪቭ የተወለደችው ባርባራ ካሪንስካ ናት። ሽቦ የገባበት ቱቱ የመሶብ ክዳን ነው፤ ባንድ በኩል ሲነካ በሌላው በኩል ብድግ ይላል። የዳንስ አዘጋጁ ባላንሺን ኒው ዮርክ ላይ «ሲምፎኒ ኢን ሲ» በተሰኘው ባሌት መድረኩን በዳንሰኞች ሲሞላ ጉርዶቹ ይጋጩ ጀመር። ካሪንስካ በ1950 ሽቦውን አወጣችው፤ ድርቦቹን አሳጥራ፣ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አደረገች። ዛሬም ብዙ ቦታ የሚሰፋው በእሷ መንገድ ነው።

የፋሽን ቤቶች ቱቱን ወደ መንገድ መልሰው ያወጡት በዚያው ሰሞን ነው። ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ጠባብ ወገብና ሰፊ ጉርድ ይዞ መጣ፤ በ1950ዎቹም የቱል የግብዣ ቀሚስ በዛ። በ1998 ተዋናዮቹን ፓትሪሺያ ፊልድ የምታለብሰው «ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ተከታታይ ሲጀመር፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ካሪ የለበሰችው ነጭ ጉርድ ከቅርጫት ውስጥ በ5 ዶላር የተገኘ ነበር። በ2024 ጨረታ ላይ 52,000 ዶላር አወጣ። እኔ ግን ገንዘቤን የማወጣው ለሌላ ነገር ነው፤ በ1969 የተመሠረተው የሃርለም ዳንስ ቴአትር ጥቁር ዳንሰኞቹ ከቱቱ ሥር ሮዝ ካልሲ መልበሳቸውን ትተው በየቆዳቸው ቀለም እንዲለብሱ ላደረገበት ለውጥ።

ፋሽን የወሰደው እንግዲህ የላዩን ነው፤ ሙታንታውን ትቶ። ሙሽሮች የቱቱ ፎቶ በስልካቸው ያሳዩኝና «እንዲህ ተዘርግቶ ይቁምልኝ» ይሉኛል። «የኔ እመቤት፣ ልትቀመጪ ነው?» እላለሁ። ቱቱ የለበሰች ዳንሰኛ ተራዋን የምትጠብቀው ቆማ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ እስከ ማታ መድረክ ላይ ትቀመጣለች። ከተግባባን በኋላ ቱሉን ለስላሳ እመርጥና ወገቡ ላይ እሰፋላታለሁ።