ጾሙ ነው ወይስ ቡናው? የረመዳን ራስ ምታትና የአእምሯችን ንቃት

ረመዳን በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቤቱ የሚሰማ አንድ እሮሮ አለ፤ «ራሴን ፈለጠኝ» የሚል። አባወራው በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ተማሪው አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያነባል። አብዛኞቻችን ጥፋቱን ለረሃቡ እንሰጣለን። በዛሬው ዝግጅታችን ግን የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የከበደን ጾሙ ነው ወይስ የተቋረጠው ቡና?

ጥያቄውን ከካፋ መጀመር ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም መገኛ ናት። በዙሪያዋ ያለው የጫካ ቡና የሚበቅልበት ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተገኘው ቡና ባሕር ተሻግሮ የመን ሲደርስ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ንቃት ይጠጡት ነበር። ቡና ከአምልኮ ሌሊቶች ጋር ያለው ትውውቅ እንግዲህ የቆየ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ «ደክመሃል፣ ተኛ» ይለናል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ቀድሞ ይይዝና መልእክቱን ያግዳል። ሰውነታችን ይህን ከለመደ በኋላ ቡናው ድንገት ሲቀር የራስ ቅል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ራስ ምታት፣ ድብታና ብስጭት ይከተላሉ። ይህ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ከ2 እስከ 9 ቀናት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ከጾሙት 41 በመቶው ራስ ምታት እንደያዛቸው፣ ካልጾሙት ግን 8 በመቶው ብቻ እንደታመሙ አሳይቷል፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው የካፌይን መቋረጥ ሆኖ ተገኝቷል።

ተመራማሪዎች የአእምሮን ንቃት የሚለኩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ድርጊትን ማየት ነው፤ መብራት ሲበራ ሰውየው ቁልፉን ለመጫን ስንት ሰከንድ ፈጀበት? ስንት ጊዜስ ተሳሳተ? ሁለተኛው ሰውነትን ማዳመጥ ነው፤ የልብ ምት፣ የቆዳ ላብ፣ እንዲሁም ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው የቀዳው የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመዘገባሉ። በጾመኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ ጠዋት ላይ ንቃት ጥሩ ሆኖ፣ ወደ ማታ ፍጥነትና ተከታታይ ትኩረት በሚጠይቁ ሥራዎች ላይ መዘግየት የታየባቸው አሉ።

ይህን በቤታችንም መሞከር እንችላለን። ማስመሪያ ከፍ አድርገን ከልጃችን ሁለት ጣቶች መካከል ዜሮው ከታች እንዲሆን እንያዝ፤ ሳንነግረው እንልቀቀው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዘው 0.20 ሰከንድ፣ 30 ላይ ከያዘው 0.25 ሰከንድ ያህል ፈጅቶበታል። ጥቂት ካለማመድነው በኋላ ጠዋትና ከመግሪብ በፊት አሥር አሥር ጊዜ ሞክረን አማካዩን እናወዳድር። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር በ0.05 ሰከንድ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለኢፍጣር ለመድረስ መጣደፍ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቡና ወዳዶች ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምረን ስኒውን ቀስ በቀስ እንቀንስ። ከኢፍጣር በኋላ የምንጠጣውንም አናዘግየው፤ የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከተራዊሕ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት የጠጣነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አብሮን አለ። ያጣነው እንቅልፍ ደግሞ በማግስቱ ትኩረታችንን ይነሳናል። ልጆች ከባዱን ትምህርት ጠዋት ያጥኑ፤ እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ማሸለብም ይጠቅማል። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

የቡናውን ሸክም ከጾሙ ላይ ስናወርድ፣ ለሶላቱም ለቁርኣኑም የነቃ ልብ ይኖረናል። ረመዳን ሙባረክ!