ከእናት ጉያ ርቀው ያደጉት የጨርጨር አስተዳዳሪዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ የሚኤሶን ቆላ አልፎ ወደ ጨርጨር ተራሮች ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ቡናው፣ ጫቱና ማሽላው ይታያል። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተራሮች መካከል የተቀመጠው ከተማ ዛሬ ጭሮ ይባላል። ለብዙ ዘመን የሚታወቀው ግን አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሙ ነው። አሁንም በዚሁ ስም የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው።

በዚህ ከተማም ሆነ በሒርና፣ በበዴሳና በገለምሶ፣ ከገጠር መጥተው በአክስት፣ በአጎት ወይም በእናት ወዳጅ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ልጆች ያልነበሩበት ጊዜ የለም። በድሬዳዋና በአዲስ አበባም ከራሷ ልጆች ጋር የሌላ እናት ልጅ ደርባ የምታሳድግ ሠራተኛ እናት ጥቂት አይደለችም። ከእናቱ የተለየ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ይወጣዋል? ሥጋቱም ተስፋውም የሁላችንም ነው። የጨርጨር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ምሳሌ አለው። ይህን አውራጃ በየተራ ያስተዳደሩትና ስማቸው በአገር ታሪክ የገነነው ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም በልጅነታቸው ከወገናቸው ተለይተው በባዕድ አገር፣ በባዕድ ሰው እጅ ያደጉ ነበሩ።

በመቅደላ የተገኘው ሕፃን

የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። በ1857 ዓ.ም ጎንደር ውስጥ ተወለዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ አራት ዓመት ያልሞላው ይህ ሕፃን ከወላጆቹ ተለያይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አነሣውና ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። እርሱ ሲሞት ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። በዚህም ምክንያት ሕፃኑ በሁለቱ አሳዳጊዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ። የራሱን ስም አላወቀም፤ የእናቱን ቋንቋም ረሳ።

ልጁ በትምህርቱ በረታ። ላሆር በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ በስኮትላንድም ትምህርቱን አዳበረ፤ በበርማም በሐኪምነት ሠራ። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም በአድዋ ድል ማድረጓን ሲሰማ ግን የትውልድ አገሩ ናፍቆት አላስቀምጥ አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሐኪምነት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከገዛ ወገኖቹ ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነበር።

የሐኪሙ መምጣት በተሰማ ጊዜ የልጅ ልጃቸው በመቅደላ የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ቀርበው ተመለከቱት። ሕፃን ሳለ በሰውነቱ ላይ የቀረውን ጠባሳ ያስታውሱ ነበርና ምልክቱን አይተው የእኛ ልጅ ነው አሉ። ሐኪም ማርቲን ስሙ ወርቅነህ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ያለፈበትን የሕፃን ጠባሳ የአያት ልብ መዝግቦ አቆይቶት ነበር።

ከአድዋ ወደ ሩሲያ

ሁለተኛው በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም በሸዋ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር በመሄድ በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ አብረው የተጓዙት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሌዎንቲየቭ የተባለው ሩሲያዊ ወደ አገሩ ወሰዳቸው። በዚያም በሩሲያ ቤተሰብ መካከል አደጉ፤ የመድፈኛነትንም ትምህርት ተማሩ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ሙሉ ሰው ሆነው ነው።

ያ የራስ መኮንን ቤት ልጅ ኋላ በጥቅምት 1909 ዓ.ም በሰገሌ ጦርነት ከመትረየስ ተኳሾች ጋር ተሰልፏል። የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን፣ ለአማርኛ ቴያትር መነሻ የሆነውን ተውኔት የጻፉት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሰው ናቸው።

በጨርጨር የተሠራው ሥራ

ጨርጨር ከጥንት የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ ገበሬው ወታደርንና ሹምን በጫንቃው ተሸክሞ ኖረ። ቡናው በበቅሎ እየተጫነ ይወርድ የነበረው ወደ ባቡር ሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከጨርጨር ግርጌ የምትገኘው ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ሆነች። የደጋው ቡና ዓለም ገበያ መውጫ በር አገኘ ማለት ነው።

ተክለሐዋርያት የጅጅጋ ገዢ ከነበሩ በኋላ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። ቀድሞ የገዢዎች መቀመጫ የነበረው ኩኒ ነው። አዲሱ ከተማ ስሙን ያገኘው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ነው። ጨርጨርም ለሌሎቹ አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን ታሰበ። ዋናው ሐሳብ ሹም በገበሬ ላይ ተመርቶ መኖሩ ቀርቶ በደመወዝ እንዲተዳደር፣ ግብርም በሹም ፈቃድ ሳይሆን በደንብ እንዲከፈል ነበር። ለአንዲት የገበሬ ሚስት የዚህ ትርጉም ቀላል አይደለም። ሹም በመጣ ቁጥር ለድግስ የሚወጣው ማርና ቅቤ፣ የሚፈጨው እህልና የሚታረደው በግ ሁሉ የሚነሣው ከእርሷ ጓዳ ነበርና።

ከእርሳቸው በኋላ በ1920ዎቹ ሐኪም ወርቅነህ፣ በዚያን ጊዜ ማዕረጋቸው አዛዥ ወርቅነህ፣ አውራጃውን ተረከቡ። ወደ ጨርጨር የመጡት በ1917 ዓ.ም የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተው፣ በአዲስ አበባም ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ደክመው ነው። እኚህ ሐኪም በሕፃንነታቸው ከወገን ተነጥለው የኖሩ ናቸውና፣ ከወላጆቹ ተነጥሎ ለተሸጠ ልጅ ማዘናቸው አያስደንቅም። በጨርጨርም ለመንገድ ሥራ ከፍ ያለ ግምት ሰጡ።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ደንብ የሚጽፈው አስተዳዳሪው ቢሆንም መንገዱን የጠረገው፣ ድንጋዩን የፈለጠው የአገሩ ገበሬ ነው። ለሠራተኛው ምሳ ያደረሱት፣ ውሃ የቀዱት፣ ቡናውን የለቀሙትና ያሰጡት ሴቶች ስም በመዝገብ አልሰፈረም። የቆርቋሪውን ስም የሚያነሣ የነርሱንም ድካም ማንሣት ይገባዋል።

የከፈሉት ዋጋ

የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ ሁለቱም የጨርጨር ሰዎች በአውሮፓ የአገራቸው ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ፤ ተክለሐዋርያት በጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ አሰሙ። ሕፃን ሳሉ ከአገራቸው ያራቋቸው ባዕዳን ያስተማሯቸው ቋንቋ አሁን ለአገራቸው መከላከያ ሆነ።

ይሁንና መከራው ከቤታቸው ገባ። በየካቲት 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱትና ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የነበሩት የወርቅነህ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ ተገደሉ። አባት ያን ጊዜ በለንደን ነበሩ። ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ የተነጠለው ሰው በሽምግልናው ደግሞ ልጆቹን ተነጠቀ። ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም አረፉ።

ተክለሐዋርያት በበኩላቸው ወደ ጨርጨር አስተዳዳሪነታቸው ተመልሰው ነበር። በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን ተቃወሙ፤ በኋላም ራሳቸው ተሰደው ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በውጭ አገር፣ አብዛኛውንም በማዳጋስካር አሳለፉ። በመጨረሻ ሲመለሱ የመረጡት ኑሮ የቤተ መንግሥት ሹመት አልነበረም። በሒርና እርሻቸውን እያረሱ ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን የያዘው መጽሐፍ የታተመው እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም ነው።

ልጃቸው ደጃዝማች ግርማቸው ተክለሐዋርያት በ1941 ዓ.ም አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። የመጽሐፉ ባለታሪክ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ፣ ተምሮ፣ ለአገሩ ሊሠራ የተመለሰ ወጣት ነው። ለመሥራት ሲነሣ የሚገጥመውን እንቅፋት የሚያነብ ሰው የአባትየውን ዕድል ማስታወሱ አይቀርም።

ከገለምሶ በኩል

ከአገር ርቆ ተምሮ ለወገን መትረፍ የሹማምንት ዕድል ብቻ አልነበረም። በ1925 ዓ.ም ገደማ በገለምሶ አካባቢ የተወለዱት ሼክ መሐመድ ረሻድም ትምህርት ፍለጋ ካይሮ ድረስ ተጉዘዋል። ብዙ ዘመናቸውን በስደት ቢያሳልፉም የእናታቸውን ቋንቋ አልረሱም። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ቀድመው ከደከሙት አንዱ ሆኑ፤ ቁርአንንም ወደ ኦሮምኛ ተረጎሙ። ያረፉት በ2005 ዓ.ም ነው። የገለምሶ እናት ዛሬ የልጇን ደብተር ስትገልጥ የምታየው ፊደል የእርሳቸውም ድካም አለበት።

ለምናሳድግ እናቶች

ከእነዚህ ሰዎች ኑሮ የምንማረው ምንድን ነው? ከእናት መለየት ለልጅ መልካም ነው ማለት አይደለም። ስንቶች እንደዚሁ ተወስደው የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ቀርተዋል። ለትልቅ ነገር የበቁት ሁለት ነገር ያገኙት ናቸው። አንደኛው፣ አሳዳጊ ያላጎደለባቸው ትምህርት ነው። ሁለተኛው፣ የወገን ነኝ የሚል ሐሳብ ከልባቸው አለመጥፋቱ ነው።

ስለዚህ የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ተቀብላ የምታሳድግ እናት ለልጁ ከምግብና ከልብስ ሌላ ሦስት ነገር ልታደርግለት ይገባል። እንደ ራሷ ልጆች ትማረው እንጂ ለተላላኪነት ብቻ አታስቀምጠው። የወላጆቹንና የመንደሩን ስም፣ የመጣበትንም ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ትንገረው። እናቱ በሕይወት ካለች ድምፅዋን እንዲሰማ፣ ቋንቋዋንም እንዳይረሳ ታድርግ። ልጇን የላከች እናት ደግሞ ልኬዋለሁ ብላ አትቀመጥ፤ ትጠይቀው፣ ትከታተለው።

ሽማግሌና አሮጊት በቤቷ ያላት እናትም ጊዜ ሳታጠፋ ትጠይቅ። አያት ከየት መጣች? መንደሩን ማን መሠረተ? በመንገዱ ሥራ ጊዜ ማን ምን ሠራ? የሚነግሯትን በልጆቿ ደብተር ታስጽፍ። የሐኪም ወርቅነህ አያት አንዲት ጠባሳ ባያስታውሱ ኖሮ አገር አንድ ልጇን ለይታ ባላወቀችው ነበር።